የአባቴ ስም በዱባይ ተራ

እውነቱን ልናገርና፣ መርካቶ አካባቢ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት የጨረስኳቸው በፍርሃት ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ሌባ የፈራሁ ይመስለዋል። ምን ሌባ! ስልኬ ቢሄድ ግልግል ነበር። የፈራሁት አንድ ጫማ ነጋዴ ነው፤ የአባቴን ታላቅ ወንድም።

ያደግኩት ናይሮቢ ነው። አባቴ የመርካቶ ልጅ ነበር፤ ለሥራ ብሎ ሄደ፣ እዚያው አንዲት ሐበሻ አገባ፣ እኔን ወለደና አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ሞተ። ከዚያ እናቴ ጎረቤቶቿን ተከትላ ሞርሞን የሚባለውን የአሜሪካኖች ሃይማኖት ያዘች፤ እኔም አብሬ ገባሁ። አጎቴ ስለ እሷ በሰሙ ጊዜ በስልክ ያሏትን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እየጮኹ ስለነበር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰምቻቸዋለሁ። «አንቺ እንደፈለግሽ ሁኚ። የወንድሜን ልጅ ግን ማተቡን ካስፈታሽው፣ እንደሞትኩ ቁጠሩኝ!»

ከአባቴ ወገን የቀሩን እሳቸው ብቻ ናቸው። እናቴ ደንግጣ «ኧረ በጭራሽ! ልጁማ እንዳለ ነው» አለቻቸው። ውሸቱም ከእኔ ጋር አብሮ አደገ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ለሁለት ዓመት ሚሲዮናዊ ሆኜ ስላክ፣ ከስንት አገር መሃል ምድቤ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም አዲስ ከተማ ሆኖ አረፈው። እናቴ ለአጎቴ «ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» አለቻቸው። ለእኔ ደግሞ «በናትህ ልጄ፣ አጎትህ ሱቅ ያለበት ዱባይ ተራ ድርሽ እንዳትል። ካወቁ አለቀልን» አለችኝ።

ሚሲዮናዊ ደግሞ መደበቅ አይችልም። አንደኛ፣ ብቻህን አትሄድም፤ አጋር የሚባል ይመደብልሃል፣ ከሽንት ቤት በቀር ከዓይኑ መራቅ ክልክል ነው። የእኔ አጋር ከከብት አርቢዎች አገር የመጣ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ፈረንጅ ነበር። ሁለታችን ነጭ ሸሚዝና ክራባት አድርገን ከአብነት እስከ መሳለሚያ ስንሄድ የማያየን ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ደረታችን ላይ ስም የተጻፈበት ጥቁር ባጅ አለ። የምንጠራራውም በእሱ ነው፤ «ኤልደር» ይባልና የቤተሰብ ስም ይከተላል። ኤልደር ሽማግሌ ማለት ነው፣ ጢም እንኳ ላላበቀልነው ልጆች! ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም አላቸው። እኛ ያለን የአባት ስም ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምጠራው በሟች አባቴ ስም ነበር። አያቴ ያወጡለት ብርቅ ስም ነው፤ ሌላ ሰው ሲጠራበት ሰምቼ አላውቅም።

የአጎቴ ሱቅ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዱባይ ተራ፣ ጫማ፤ ይሄን ብቻ ነው የማውቀው። በዚያ በኩል ማቋረጥ ሲቻል እኔ ዙሪያ ጥምጥም እመርጣለሁ። አጋሬ «ለምን?» ሲለኝ «ግፊያ አለ» እለዋለሁ። መርካቶ ውስጥ ግፊያ የሌለበት የት ሊገኝ! እሱ ግን የዋህ ነው፤ እሺ ብሎ ይከተለኛል። ጠዋት አብረን ስንጸልይ፣ እውነተኛ አጋር ስለሰጠኸኝ ብሎ ሲያመሰግን ላብ ያጠምቀኛል።

ጉዱ የመጣው በጫማ ነው። ሥራችን በእግር ስለሆነ የአጋሬ ጫማ ተገነጠለ። ሊስትሮ ጋ ወስጄ አሰፋሁለት። ደግሜ አሰፋሁለት። በሦስተኛው ሶሉ መንገድ ላይ ቀረ። ቁጥሩ አርባ ሰባት ነው፤ በጠየቅንበት ሁሉ «ይሄ እግር ነው ጀልባ?» እያሉ ሳቁብን። በመጨረሻ አንድ ደላላ «ትልቅ ቁጥር ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ ዱባይ ተራ» አለና የአጋሬን ክንድ ይዞ ወሰደው። ምን ልበል? ተከተልኩ።

ገና ከሩቅ አወቅኳቸው። ለእናቴ በላኩላት ቪዲዮ ያየሁት ፊት ነው፤ የአባቴ ግንባር፣ የአባቴ ጆሮ። አጋሬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲለካ፣ ባጄን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ከጎረቤቱ ሱቅ ጃኬቶች ኋላ ገባሁ። ሁለት ደቂቃ ነው አልኩ፤ ይለካል፣ ይገዛል፣ እንሄዳለን። ባለሱቋ «ምን ልስጥህ ወንድሜ?» ስትለኝ አንዱን ጃኬት አውርጄ ፊቴን ጋረድኩበት።

ያልቆጠርኩት አጋሬን ነው። ቀና ሲል የለሁም። ያ ልጅ አገሩን ከለቀቀ ጀምሮ ለአንድ ደቂቃ ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ ለካ እሱም ፈሪ ኖሯል። አንድ እግሩ በአዲስ ጫማ፣ አንድ እግሩ በካልሲ፣ መተላለፊያው መሃል ቆሞ ባለ በሌለ ድምፁ ተጣራ። የአባቴን ስም። አንዴ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሦስቴ ጠራው።

አጎቴ የያዙት ጫማ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አሉት።

«ጓደኛዬን፤ አሁን እዚህ ነበረ» አላቸው አጋሬ በተሰባበረ አማርኛው፣ ሊያለቅስ ደርሶ። እሳቸው ግን አልሰሙትም። ዓይናቸው በገበያተኛው መሃል ወንድማቸውን ይፈልጋል። እንደሞተ እያወቁ ይፈልጋሉ። አንጀቴን በሉት። ከጃኬቶቹ ኋላ ወጣሁ።

«እኔን ነው ጋሼ» አልኩ። «ልጁ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የአጋሬን ባጅ አዩ፣ የእኔን ባዶ ደረትና ኪሴን የጨበጠ እጄን አዩ። «ኪስህ የከተትከውን አምጣ» አሉ። ሰጠኋቸው። አነበቡትና በአውራ ጣታቸው የአባቴን ስም ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ እሷ ምንም...»

እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ስፒከር ላይ አደረጉት። እናቴ አነሳች።

«እንደምን ዋልሽ? ልጁ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! አሁን ክፍል ገብቷል። ማተቡም እንዳለ ነው፣ እርስዎ ይሙቱ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ነው የመጣው። ምንም አይሆንም ጋሼ፣ ምንም አያስቡ።» ማንም ሳይጠይቃት ነው ይሄን ሁሉ የምታወርደው።

አጎቴ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ «እሺ። ሲወጣ ሰላም በይልኝ» ብለው ዘጉት።

ጩኸት ጠብቄ ነበር። ጥፊም ጠብቄ ነበር። እሳቸው የጫማ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። አጋሬ በአንድ ጫማው እያነከሰ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ተቻኩላ ነው የምታወራኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ስደውልላት ደስ ብሏት ይመስለኝ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲህ ነው እንዴ የምትፈሩኝ?»

አይ ማለት ነበረብኝ፤ ሰውዬው ያንን ነበር የሚጠብቁት።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «አሁንም እየፈራሁዎት ነው።»