የኔ የጫጩት መፈልፈያ ጭድ ተራ ሲሸጥ አገኘሁት

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው።

ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ በጭድ ተራ ስመለስ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ ሠርቼ እዚህ የለጠፍኩት የጫጩት መፈልፈያ ተቀድቶ አንድ ሱቅ በር ላይ ተደርድሯል። የተለጠፈበት ፎቶ እንኳን የኔ ነው፤ የልጄ እጅ ይታያል!

«ጋሼ፣ ፌስቡክ ላይ የወጣ እኮ የሁሉም ነው» አለኝ ባለሱቁ እየሳቀ።

እሺ ይውሰደው። ግን የቀዳው የመጀመሪያውን አሠራሬን ነው! የማሞቂያው አምፖል የፍሪጁን ፕላስቲክ አቅልጦ ሊያቃጥለን ሲል «እንዳትሠሩት» ብዬ በማግስቱ ያረምኩትን። ፎቶ አይቶ ጽሑፉን መዝለል ምን የሚሉት ሙያ ነው?

«ስንት ሸጥክ?»

«አራት።»

«ለማን?»

«መታወቂያ ልጠይቃቸው እንዴ?»

የገዛችሁ ካላችሁ፣ አንደኛ ከሶኬት ንቀሉት፤ ሁለተኛ ጻፉልኝ፣ በነጻ አስተካክላለሁ። እንዲህ የደረሰባችሁም ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።

አራቱ አሁንም የሰው ቤት ውስጥ በርተዋል።