ጠዋት የደረሰው መልስ

እህቴ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ሃያ ዓመት ሠርታለች። ሰው አታምንም፤ ባሏ «ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይላታል።

ሚኒስትሮች የሚያነቡትን ጽሑፍ፣ ቁጥር እንዳይሳሳት ብለው አስቀድመው ወደ እሷ ቢሮ ይልካሉ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ስብሰባው ሳይጀመር፣ የደረሳትን የቤቶች ሚኒስትሩን መልስ ስታገላብጥ «የተከበሩት አባል ጠረጴዛ ስለደበደቡ የቤት ኪራይ አይረክስም» የሚል አገኘች።

ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ወረቀት በመናገር የታወቀው ተቃዋሚ ተነሣ። የመንግሥትን የቤት ፖሊሲ ብትንትኑን አወጣው። እህቴ ግን ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። ሊቀመጥ ሲል ጠረጴዛውን ሁለቴ ደለቀው። ሚኒስትሩም ቀጥለው ያቺኑ ዓረፍተ ነገር አነበቡ።

አመሻሽ ላይ ባሏ ዜናውን እያየ «አንጀቴን አራሰው! ይኼ ሰውዬ ማንንም አይፈራም» አለ።

«ምን ያስፈራዋል? እንደሚደበድብ ጠዋት ተጽፎ ደርሶኛል።»

«አንቺ ደግሞ! ልማዱን አውቀውበት ይሆናላ።»

እህቴ ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችው።

«ስንት ዓመት ንግግሩን በቃለ ጉባኤ ስመዘግብ ጠረጴዛ ነክቶ አያውቅም። ዛሬ ገና መጀመሪያው ነው።»