የአንክል ሃሪሽ ሱሪ

ሥራ የጀመርኩት አርሊንግተን ከተማ ውስጥ፣ የህንድ ፊልም ዘፈንና ዳንስ በሚያቀርብ የመድረክ ሾው ላይ ነው። ሥራዬ ድሬሰር ይባላል፤ ማለቴ፣ አልባሽ። ከዚያ በፊት የኤርፖርት ሻትል ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያስገባችኝ ጽጌ ናት፤ ካሮልተን አንድ ቸርች የምንሄድ፣ የሾው ልብስ የምትሰፋ እህታችን። "ሰው ማልበስ ነው፣ ምን ይከብድሃል?" አለችኝ። እኔም ጅሉ አመንኳት።

የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ሱኒታ በመጀመሪያው ቀን ልብስ ሱቅ በሚቆም ሰው በሚያህል አሻንጉሊት ፈተነችኝ። ሰዓት ይዛ ሱሪ፣ ጃኬትና ጥምጥም አልብሰው አለችኝ። ሰላሳ ሁለት ሰከንድ ፈጀብኝ። "ሃየርድ ነህ፣ ተቀጥረሃል" አለች። አሻንጉሊቱ ግን አዛውንት አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳንሰኛው ከመድረክ ሮጦ ጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ ይመጣል። ቀጣዩ ሱሪ እግሩን እንዲያስገባበት ወለል ላይ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ቁልፍ የለ፣ ዚፕ የለ፣ ሁሉም ቬልክሮ ነው፤ ሲጫኑት የሚጣበቅ፣ ሲስቡት የሚላቀቅ። ትንሽ ባትሪ በጥርስህ ትነክሳለህ፣ የለበሰውን ሞሽልቀህ ታወርዳለህ፣ አዲሱን ትስባለህ። ለዚህ ሁሉ ያለህ አርባ ሰከንድ ነው። ወጣቶቹን እንደ በግ ገፈፍኳቸው። ሱኒታ አመሰገነችኝ፣ እኔም ተኮፈስኩ።

ከዚያ አንክል ሃሪሽ መጡ፤ አንክል የሚላቸው ሁሉም ሰው ነው። ሰባን ያለፉ፣ ድሮ ፊልም ላይ ከዋናዎቹ ተዋናዮች ኋላ ሆነው ይደንሱ የነበሩ ሰው ናቸው። በሾው ውስጥ ንጉሥ ሆነው ለብቻቸው የሚደንሱባት አንዲት ዘፈን ነበረቻቸው። ሽማግሌው ልብስ ሲቀይሩ ስለሚዘገዩ ዳይሬክተሩ ተማሮ ነበር። "በአርባ ሰከንድ ካልወጡ ዳንሱ ይቀራል፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያውለበልባሉ" አለ።  አንክል ጥግ ይዘው ጉልበታቸውን እያሹ ሲለማመዱ አየኋቸው። አንጀቴን በሉት።

ልምምድ ላይ ሱሪያቸው ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብዬ፣ ጃኬቱን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። ራሳቸው ሲያወልቁ አንድ ደቂቃ ከአስር ሰከንድ ሞላ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለች ሱኒታ።

"ትልቅ ሰው ናቸው እኮ።"

"እዚህ ጋ ትልቅ ሰው የሚባል የለም። ያለው አስራ አራተኛው ዘፈን ነው፤ የሳቸው ተራ።"

ዳይሬክተሩ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጠን፤ የቅዳሜ ከሰዓቱን ሾው። ቅዳሜ ጽጌን በመኪናዬ ይዤ ስንሄድ ጭንቀቴን ነገርኳት።

"ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ የለ እንዴ?" አለችኝ።

"እግር ነው ያጠበው። ሱሪ ማን አስወለቀ?"

"ሶ፣ አንተ ስላፈርክ ሽማግሌው ወንበር ላይ ይቅሩ?"



ሰዓቱ ደረሰና አንክል ላብ በላብ ሆነው መጡ። ዓይኔን ጨፍኜ ሱሪያቸውን ሞሸለቅኩት። እንደጨፈንኩ አዲሱን ከወለል አነሳሁ፣ ሳብኩ፣ ቬልክሮውን ገጠምኩ፣ ጥምጥሙን ደፋሁላቸው። ዓይኔን ስገልጥ አንክል መድረክ ላይ ናቸው።

የንጉሡ ሱሪ ጭኖቹ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ሁለት የወርቅ ክር ጥልፍ ጣዎሶች ተፋጥጠው መታየት ነበረባቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳነሳው አዙሬው ኖሯል፤ አሁን የሚፋጠጡት አንክል መቀመጫ ላይ ነው። አዬ ጉዴ አልኩ።

አንክል ወደ ታች ጎንበስ ብለው አዩ። ጣዎስ የለም። ቀስ ብለው ዞሩና ሙሉውን ዘፈን ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው ደነሱ። ወገባቸውን በወዘወዙ ቁጥር ወፎቹ ይነካከሳሉ። ተመልካቹ አዳራሹን በፉጨት ቀወጠው። እኔ በድንጋጤም በሳቅም መጋረጃውን ነክሼ አለቀስኩ።

ዳይሬክተሩ ወደኛ ሲመጣ መባረሬ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። "ሰላሳ ስምንት ሰከንድ" አለ። "ዳንሱ ይቀጥላል። ወፎቹ ግን ወደ ፊት ይመለሱ።"

አንክል ላባቸውን እየጠረጉ አጠገቤ ቆሙ። "ልጄ፣ ልታከብረኝ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል" አሉኝ። "ነገ ግን እያየህ አክብረኝ።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽማግሌ አልብሻለሁ። አዲስ ለሚቀጠሩ አልባሾች የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ የትልቅ ሰው ሱሪ የሚወልቀው ዓይን ተገልጦ ነው።