በአንድ ዓይን የተሳልኩበት ሴሚስተር

ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ አልክድም። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ሥዕልና ዲዛይን ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ ከትምህርቴ ይልቅ ጩኸቴን ያስታውሱ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። በዚያን ጊዜ የማልደራደርበት አንድ ሕግ ነበረኝ። በሴሚስተሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ሥራውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ከዚያም ፊት ለፊታችን ቆሞ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ ያብራራል። ያላብራራ አያልፍም።

ከመሸንቲ የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረችኝ። እጇ ወርቅ ነው። ግን የሰው ዓይን አታይም፤ ወንበር ሲጎተት ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዛለች። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሥራዋን ሰቅላ ትንፍሽ ሳትል ቆማ ቀረች፤ ጣልኳት። ዳግመኛ ከወደቀች ከኮሌጁ መሰናበቷ ነበር። ይህን እሷም እኔም እናውቅ ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር የሚያውቁትን ሰው ፊት እንዲስሉ አዘዝኩ። እሷ እኔን ሳለችኝ። ያውም ከጎን፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን።

ለሌላ አገር ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። ጣና ዳር ያደገ ሰው ግን በየገዳማቱ ግድግዳ ላይ ሲያየው የኖረ ነገር ነው፤ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ይሁዳና የሰማዕታት ገዳዮች ደግሞ ከጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ የዘጌ ካህን ልጅ ነኝ፤ ይህን ያወቅኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ስትሰቅል ክፍሉ በሙሉ አፉን ይዞ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «የቀረው ቀንድ ብቻ ነው» ሲል ሰማሁት።

ደሜ ፈላ። ገና አፌን ሳልከፍት ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ ነበር። ምን በድዬሽ ነው ብዬ ጮህኩባት። መልስ ሳትሰጥ ወጥታ ሄደች፤ እኔም ዜሮ ጻፍኩላት።

ሰኞ ጠዋት እናቷ የልጃቸውን የሥዕል ደብተር በነጠላ ጠቅልለው ቢሮዬ መጡ።

«መምህር፣ እኔንም እንደዚሁ ነው የምትስለኝ» አሉ። «ዓይን ዓይኗን ያዩዋት እንደሁ ትጨነቃለች፤ የሚሏትም አይገባት። ጎን ለጎን ሁነን ሽንኩርት ስንልጥ ግን ወሬዋን የሚችለው የለም።»

ደብተሩን ገለጥኩት። እናትየው ከጎን፣ ታናሽ ወንድሟ ከጎን፣ የኮሌጁ ዘበኛ ከጎን። የሰፈራቸው ቄስ እንኳ አላመለጡም፤ መስቀላቸውን እንደያዙ በአንድ ዓይን ተስለዋል። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ያፈሰስኩትን መልቀም ነበረብኝ።

በማግስቱ ልጅቱን ይዣት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሥዕሉን በመካከላችን ዘርግተን ፊታችንን ወደ ውኃው አዞርን። በይ አብራሪልኝ አልኳት።

ዛሬ ይህንን ለፈለገ ሁሉ እፈቅዳለሁ። ያ ስለ ቀንድ የቀለደው ምላሰኛ ልጅ ሳይቀር ቆሞ መናገር እንደሚያስፈራው ነግሮኝ ያብራራው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ደስ ይለኛል፤ ማርክ የምሰጠው ለሥራቸው እንጂ ለድፍረታቸው አይደለም። ያን ቀን ግን የሚሆነውን አላውቅም ነበር።

ሥዕሉን በጣቷ ነካች። ከዚያ ጀመረች፤ ማቆሚያም አልነበራት። የትኛውን እርሳስ የት እንደተጠቀመች፣ ብርሃኑ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ አገጬን ሦስት ጊዜ አጥፍታ እንደሳለች ነገረችኝ። እናትየው እውነታቸውን ነው፤ ወሬዋን የሚችለው የለም። በመጨረሻ ጆሮዬን ለምን እንዲህ እንዳጠቆረችው ጠየቅኳት።

«ሲቆጡ መጀመሪያ የሚጠቁረው እሱ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል። «ከአፍዎ ይቀድማል። ስለዚህ ሁልጊዜ እሱን አያለሁ። ሲጠቁር ጆሮዬን እይዛለሁ።»

ዓመቱን ሙሉ ቀና ብለሽ እይኝ እያልኩ ስጮህባት፣ ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ ስታየኝ የኖረችው እሷ ነበረች። ዜሮውን እንደምሰርዘው፣ ማለፏንም ነገርኳት። በዝግታ ነው የነገርኳት። እጆቿ ሥዕሉ ላይ እንዳሉ ቀሩ፤ ወደ ጆሮዋ አልሄዱም።