ሰሚራን ልመልስ፦ ጉዞ ወደ ቦሌ ለሚ

ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከቡታጅራ በሚኒባስ ተነሣሁ። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ የታላቅ እህቴን የዘይነባን ልጅ፣ ሰሚራን፣ ወደ ቤቷ መመለስ። ሰሚራ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሸሚዝ ፋብሪካ ከገባች ዓመት አልፏታል። ሰሞኑን ግን በስልክ ድምጿ እየደከመ ሲሄድ እህቴ እንቅልፍ አጣች። መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ "ሳትይዣት እንዳትመጪ" አለችኝ። ቃል ገባሁላት። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ግብርና፣ ኢንዱስትሪ፣ አገልግሎት እያልኩ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። የፋብሪካ በር ግን ረግጬ አላውቅም ነበር።

ምሳ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም

ከአንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ጀርባ ጠባብ ምግብ ቤት አገኘሁ። አግዳሚው ላይ ከረባት ያሰረ የባንክ ሠራተኛና ፀጉሩ ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ግድግዳ ለሳኝ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሽሮ ይበላሉ። አስተናጋጇ ሁለቱንም በስማቸው ትጠራለች። በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሰዓት፣ ጎሮ

ከመገናኛ በታክሲ ጎሮ ደረስኩ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ሲጀምር፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መሃል የጤፍ ገለባ ክምር ይታያል። የሰሚራ አከራይ ኦቦ ቱሉ ላሞቻቸውን እያጠጡ ነበር።

"መሬትዎ የት ነበር?" አልኳቸው።

ፊት ለፊት ወዳለው ሕንፃ ጠቆሙኝ። "ያ ፎቅ የቆመበት። ገበሬ ነበርኩ። አሁን ወተት ሻጭም፣ ቤት አከራይም ነኝ። ወተቱን የሚገዙኝ እዚያው ፎቅ ላይ ያሉት ናቸው።" ሣቁ፤ ዓይናቸው ግን ከሕንፃው ላይ ቶሎ አልተነሣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሠራተኛ አውቶቡስ መጣ። ሰሚራ ፀጉሯ ላይ ክር እንደተጣበቀ ወረደች፤ ከስታለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"አክስቴ፣ ውሰጂኝ። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ነው የምሰፋው። በሕልሜም ኮሌታ ብቻ ሆነ።"

ልብሷን በሻንጣ አጥፋ ጨርሳለች። ሥራዬ ቀለለልኝ ብዬ ልቤ ዐረፈ። ኦቦ ቱሉ ግን በሩ ላይ ቆመው፣ "የነገው ፈተናሽስ?" አሏት።

ሰሚራ አቀረቀረች።

"የምን ፈተና?" አልኩ።

"የማሽን መካኒክነት" አሉኝ እሳቸው። "የባለቤቴን የስፌት መኪና፣ ጠጋኝ ሁሉ አይሠራም ያለውን፣ እሷ ናት ያስነሣችው።"

"የሚፈተኑት ሁሉም ወንዶች ናቸው" አለች ሰሚራ ቀስ ብላ። "ብወድቅ ይስቁብኛል።"

ለእህቴ የገባሁት ቃል ፊቴ ድቅን አለ። ሻንጣው ዝግጁ ነው፤ ልጅቷም ፈቅዳለች። ግን ስለ ስፌት መኪናው ሲወራ እንባዋ መድረቁን አየሁ።

"ተፈተኚ" አልኳት። "ከወደቅሽ አብረን እንሄዳለን።"

አርብ፣ ፋብሪካው በር

ጥበቃው ከጎኑ አስቀመጠኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጠብቅ፣ ብትወድቅ ይሻለኛል ወይስ ብታልፍ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁ። ሰሚራ እጇ ዘይት በዘይት ሆኖ እየሮጠች ወጣች።

"ማሽኑን ፈታተው ሰጡኝ። ስገጥመው አንድ ብሎን ተረፈኝ!"

"ወይኔ ልጄ!"

"ስሚኝማ! 'ይሄ የዚህ ማሽን አይደለም' አልኳቸው። ለካ ሊያስቱን ነው የጨመሩት! ሰኞ ሥልጠና እጀምራለሁ።"

ይህን ስትል ራሴን ያገኘሁት እልል ስል ነው። ጥበቃውም አጨበጨበ።

ቅዳሜ፣ ቡታጅራ

በመንገዴ ሁሉ ያሰብኩት ስለ ተማሪዎቼ ነበር። የሥራ ዘርፍ እያልኩ በደረቁ ያስጻፍኳቸው ነገር ውስጥ የሚደክም፣ የሚፈራ፣ አንዳንዴም ሳይታሰብ የሚያልፍለት ሰው አለ። ይህንን እዚያ ከመሄዴ በፊት አላውቀውም ነበር።

ዘይነባ ብቻዬን ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የልጇን መክሳትም፣ ማልቀሷንም አልደበቅኩም። ከዚያ ስልኬን ተቀብላኝ ደወለች።

"ሰሚራ" አለች። "ማሽኑን ስትነኪ መጀመሪያ መብራቱን ንቀዪ፣ እሺ? ይነዝርሻል።"