የንፍፊቱ ቁጥር

እኔ ተመትቼ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረው ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ስሠራ፣ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ሥራዬ ሐኪሙ የጻፈውን የበሽታ ስም አንብቤ፣ የበሽታውን መለያ ቁጥር ከትልቁ መጽሐፍ ፈልጌ፣ ካርዱና ለባቡር መሥሪያ ቤቱ የሚሄደው ወረቀት ላይ መጻፍ ነበር። የሐኪም ጽሑፍ ማን ያነባል! መድኃኒት ሰጪውም አለቃውም የሚያዩት ቁጥሩን ነው።

አንድ ቀን የአንድ የባቡር ፍሬን ያዥ የናሙና ውጤት መጣ። አንገቱ ላይ ያበጠው ሁላችንም እንዳሰብነው የንፍፊት ቲቢ ሳይሆን ሊምፎማ፣ የንፍፊት ካንሰር ነው ይላል። ሐኪሙ «ቶሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ከተላከ ይድናል» ብሎ ሁለቴ አስምሮበታል።

ሰውየው ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ በሩን በእርግጫ በርግዶ ገባ።

«የቲቢውን ቁጥር ጻፊ!»

«አብደሃል እንዴ?»

«በቲቢ ከሆነ እረፍት ሰጥተው ይመልሱኛል። በካንሰር ከባቡር ያወርዱኛል። ጓደኛዬን አውርደውት የለ!»

«የቲቢ ክኒን እየዋጥክ ልትሞት?»

«ምን አገባሽ! ጻፊ ብያለሁ!»

ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አነቀኝ። ያ እጅ ፉርጎ የሚያቆም እጅ ነው። ዓይኔ ጨለመ። ጠረጴዛው ላይ ስዳብስ ስቴፕለር እጄ ገባ፤ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ያረፈው ናሙና የተወሰደበት፣ ገና በወጉ ያልዳነ ቁስሉ ላይ ነበር። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ተንበረከከ።

«እባክሽ እህቴ፣ ከባቡሩ ሌላ ምንም የለኝም» አለኝ።

አንጀቴን በላው። እውነቱን ልናገር፣ የቲቢውን የመጀመሪያ አሃዝ ጽፌ ነበር። ከዚያ በእሱም በራሴም ተናድጄ ሰረዝኩት፤ ትክክለኛውን፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ ተጭኜ ጻፍኩት።

«ሂድ ታከም! ከፈለግክ ከዚያ በኋላ ግደለኝ!»

ታከመ። ጸጉሩ ረገፈ፣ ከሳ፣ ግን ተረፈ። እንዳለውም ከባቡር አወረዱት። ከዚያ ወዲያ ሃዲዱ ዳር ካለው ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ወደ ሥራ ሳልፍ «ገዳዬ!» እያለ ጠጠር ይወረውርብኛል። ሁለቴ ፈንክቶኛል። እኔም ስድቤን አላስቀርበትም። ሰው ሁሉ «ክሰሺው እንጂ!» ይለኛል፤ እኔ ግን በየጠዋቱ በዚያው መንገድ እሄዳለሁ።

አንድ ጠዋት ጠጠር አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን በሩ ዝግ ነው። በሽታው ተመልሶበት ይሆን? ከሃዲዱ መሀል ድንጋይ አንስቼ ቆርቆሮ በሩን ወገርኩት። ደገምኩ።

«ማናት ይቺ እርጉም!» አለ ከውስጥ፣ ጉንፋን በዘጋው ድምፅ።

«እኔ ነኝ! ተነስ!» አልኩት። እንባዬ መጣ።

በሩ ተከፈተና ጠጠሩ ትከሻዬን አገኘው። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ተመስገን አልኩና እያሻሸሁት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።