ከአሥራ አንድ አሥራ አንደኛ

ባለፈው እሑድ ዓለም ባንክ ሰፈር ልጄ ቤት ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ የልጅ ልጄ በቴሌቪዥን የሴቶች ቴኒስ ታይ ነበር። ከሚጫወቱት አንዷ ረጅም ልጅ ናት፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፤ የምትመታው ኳስ ሁሉ መረቡ ላይ ይቀራል። የልጅ ልጄ ስልኳን ጎርጉራ፣ "ሁለት መቶ አርባኛ ናት እኮ። ታዲያ ምን አለፋት?" አለች። ሳላስበው ተቆጣኋት። ሁለት መቶ አርባኛ መሆን ቀላል መሰለሽ ወይ አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ እማዬ ደግሞ ቴኒስ ውስጥ ምን አገባት ብላ ሳቀች።

ያገባኛል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ቴኒስ በመጫወት ደመወዝ የበላሁ ሰው ነኝ። ልጆቼ ይህን አያውቁም። ያልነገርኳቸው ገሚሱ ማን ያምነኛል ብዬ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ የማላወራው አንድ ነገር ስላለው ነው።

ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ጊዜው የደርግ ነው። ከኮልፌ ቤታችን ተነስቼ፣ በጋ በአቧራው ክረምት በጭቃው፣ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በእግሬ እየሄድኩ እሠራ ነበር። የእርጥብ ሱፍና የቀለም ሽታ ልብሴ ላይ ስለሚቀር አልፎ አልፎ አውቶቡስ ስሳፈር ሰው ገለል ይልልኝ ነበር፤ እሱ እንኳ ጥቅም ነበረው። ሥራዬ ብርድ ልብስ ማጠፍ ነው። ሁለት ሰው ሆኖ የሚያጥፈውን እኔ ብቻዬን አጥፈው ነበር፤ ምክንያቱም እጄ ከቁመቴ ጋር የማይመጣጠን ረጅም ነው። ቅጥሬ ግን ጊዜያዊ ነበር። በየሦስት ወሩ የምትታደስ አንዲት ወረቀት ነበረችኝ፤ የምትታደስበት ሳምንት ሲደርስ እናቴ ትጾማለች።

አንድ ቀን ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች በሴቶች ቴኒስ እንዲወዳደሩ የሚያዝ ደብዳቤ ከበላይ መጣ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ሰብስቤ ሴቶቹን ሁሉ ምግብ አዳራሽ ሰብስቦ ቴኒስ የምትችል እጇን ታውጣ አለ። አንዲትም እጅ አልወጣችም። ጓድ ሰብስቤ ባዶ እጁን ለበላይ መልስ የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔ ፊት ቆመ።

"ክንድሽን ዘርጊ" አለኝ። ዘረጋሁ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ "ጓዶች፣ ተገኝታለች" አለ።

አሠልጣኝም ከዚያው ተገኘ። የእንፋሎት ማሞቂያውን የሚጠብቁት ጋሽ ወርቁ በጃንሆይ ጊዜ አንድ የውጭ ሰዎች ክበብ ውስጥ ኳስ እየለቀሙ ነበር ያደጉት። በመጀመሪያው ቀን እኔንና ጓድ ሰብስቤን አስቀምጠው ሕጉን አስረዱን። ጓድ ሰብስቤ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ጋሽ ወርቁ "ላቭ" ማለት ባዶ ማለት ነው ሲሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ላቭ ፍቅር መሆኑን በማታ ትምህርት ተምሯል። ፍቅርን ባዶ ብሎ የሚጠራ ጨዋታ ለሠራተኛው መደብ ምን ሊያስተምር እንደሚችል ጠየቀ። ጋሽ ወርቁ ሕጉን ያወጡት እሳቸው እንዳልሆኑ ተናገሩ። ነጥቡ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ እያለ እንደሚሄድ ሲነግሩት ደግሞ ጓድ ሰብስቤ በጣቱ ቆጠረ።

"ከሠላሳ ቀጥሎ አርባ አምስት ነው የሚመጣው" አለ። "አምስቷ የት ገባች?"

ጋሽ ወርቁ ብዙ አሰቡ። "በጃንሆይም ጊዜ አልነበረችም" አሉ።

ልምምዳችን ከጥጥ መጋዘኑ ኋላ ነበር። መረብ ስለሌለን በሁለት ምሰሶ መሃል ገመድ ወጥረን ባዶ ጆንያ ሰቀልንበት። ኳሶቻችን ሦስት ነበሩ፤ ፀጉራቸው አልቆ የተላጨ ራስ መስለዋል። የእኔ ምት ደግሞ ኃይል እንጂ አቅጣጫ አልነበረውም፤ ኳሷ አጥሩን ተሻግራ አስፋልቱ ላይ ትወድቃለች። ሠራተኛ ከግቢ ሲወጣ ይፈተሻል፤ ስለዚህ ኳስ ላመጣ በወጣሁ ቁጥር ፈታሿ ብርድ ልብስ ደብቄ እንደሆነ ትዳብሰኛለች። በአንድ ከሰዓት አሥር ጊዜ የተፈተሽኩበት ቀን አለ። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲያዩ ቀስ ብዬ መምታት እንድለምድ ከፈታሿ የተሻለ አሠልጣኝ የለም ይሉ ነበር።

ቤት ውስጥ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። አባባ ጎጃም ተወልደው በዘበኝነት ያረጁ፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሳይሳለሙ የማይውሉ ሰው ናቸው። ራኬቱን ይዤ የገባሁ ቀን ገልበጥ አድርገው አይተው ይህ ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ዱቄቱን ሁሉ ከነእንክርዳዱ ያሳልፋል አሉ። ለጨዋታ መሆኑን ስነግራቸው ራኬቱን መልሰው ሰጡኝ። ነጭ ጉርድ ቀሚስ ለብሼ እንደምጫወት ሲሰሙ ግን ነገሩ ከረረ። ያስታረቀን እንቁላሉ ነው። በልምምድ ቀን ላብ መተኪያ ተብሎ ወተትና ሁለት እንቁላል ይሰጠኝ ነበር፤ እንቁላሉን ሳልበላ ቤት አመጣዋለሁ። ጠዋት እናቴ ጠብሳ ስታቀርብላቸው አባባ ሳይናገሩ ይበላሉ። ቀሚሱንም እናቴ ከአቡጀዲ ሰፋችልኝ፤ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ወርዶ ነበር። ታጥቦ ገመድ ላይ የተሰጣ ቀን አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አቡጀዲውን ከሩቅ አይተው መገነዣ መስሏቸው፣ ማን ሞተባችሁ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

ስለ ውጤቴ ካወራሁ ቶሎ ያልቃል። በውድድሩ የተመዘገብነው ሴቶች አሥራ አንድ ስንሆን ደረጃችን በወረቀት ተጽፎ ሜዳው በር ላይ ይለጠፍ ነበር። አሥራ አንደኛዋ እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም አሸነፉኝ፤ በሁለተኛው ዓመት በተራ በተራ ደገሙኝ። ጓድ ሰብስቤ ውጤቱን በምሳ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ያነብ ነበር፤ ተሸነፈች የሚለው ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። "ጓዲት ዘነበች በትናንትናው ዕለት ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር ተፋልማ ውድ ልምድ ቀስማለች" ይል ነበር። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ ትናንትስ ስንት ለባዶ ልምድ ቀሰምሽ እያለ ይጠይቀኛል። እናቴ በበኩሏ ልጄ ከአገሩ ሴቶች አሥራ አንደኛ ናት እያለች ለዕድርተኛው ታወራ ነበር። ስንት እንደሆንን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም።

ሳቁ የቆመው በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። በጀት ሲዘጋ ጊዜያዊ ሠራተኞች እንዲቀነሱ ታዘዘ። ጓድ ሰብስቤ ቢሮው ጠርቶ፣ ለፋብሪካው አንድ ድል እንኳ ያስመዘገበ ስፖርተኛ ቋሚ እንዲሆን ሊያስፈቅድልኝ እንደሚችል፣ ያለ ድል ግን አፉን ሞልቶ መከራከር እንደማይችል ነገረኝ። የቀረችኝ አንዲት ግጥሚያ ነበረች፤ እሷም ከአሥረኛዋ ከእትዬ ሰናይት ጋር።

እትዬ ሰናይት በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። እንደ እኔ አትሮጥም፤ አንድ ቦታ ቆማ ኳሷ ወደ እሷ እስክትመጣ ትጠብቃለች፤ ካልመጣች ትተዋታለች። በግጥሚያው ቀን ልብስ ስንቀይር ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ለሁለት ቆረሰችልኝ። ለልምምድ ዓርብ ከሰዓት እንደምትለቀቅ፣ በዚያች ሰዓት ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ስኳርና ሳሙናዋን እንደምትወስድ፣ በመጨረሻ ደረጃ ባለችው በእኔ ከተሸነፈች ግን አለቃዋ ዓርቧን እንደሚከለክላት እየሳቀች አጫወተችኝ። እኔም የራሴን ነገርኳት። ዳቦውን ጨርሰን ወጣን።

ሰማዩ ከብዶ ያካፋ ነበር። ጓድ ሰብስቤ ሠራተኞችን በአውቶቡስ ጭኖ አምጥቷል። የቴኒስ ጭብጨባ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ሲያመቻቸው ያጨበጭባሉ። አባባም መጥተው ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ግንቡን እያዩ ተቀመጡ፤ የልጃቸውን ባት በአደባባይ ላለማየት ነው። ኳሷ በተመታች ቁጥር ግን ከጎናቸው ያለውን ሰው አሁንስ ምን ሆነች እያሉ ያስጨንቁታል።

መጀመሪያ ላይ የገዛ ሰዎቼ አበላሹኝ። "ዘነበች፣ ወደፊት! ወደፊት!" እያሉ ይጮሃሉ። እኔ ደግሞ ታዛዥ ነኝ፤ ወደፊት ስሮጥ እትዬ ሰናይት በራሴ ላይ አሳልፋ ትጥላታለች። ጋሽ ወርቁ ሄደው ጓድ ሰብስቤን በጆሮው ለምነው መፈክሩን አስቀየሩት። ከዚያ በኋላ "ባለሽበት ጽኚ" ሆነ፤ ለእሱም መታዘዝ ጀመርኩ። ሁለታችንም ባለንበት ጸንተን ብዙ ተጫወትን። እኔ ሳበላሽ እሷ ታበላሻለች። እንዲህ እያልን ነጥባችን ተያይዞ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ጋሽ ወርቁ ከዳር ሆነው አንዲት ጣት አሳዩኝ። አንዲት ነጥብ ካገባሁ አሸነፍኩ ማለት ነው።

እትዬ ሰናይት ኳሷን ወደ ኋለኛው ማዕዘን መታቻት። ሮጥኩ፤ አልደረስኩባትም። ኳሷ ከኖራው መስመር አጠገብ ነጥራ አጥሩን መታች። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በካፊያው ጭጋግ ለብሷል። ትንሽ አመነቱና፣ "ውጪ" አሉ።

ኳሷን ያነሳኋት እኔ ነኝ። እርጥቡ ኖራ ጎኗ ላይ ነጭ ሆኖ ተለጥፏል። መስመሩ ላይ ነው ያረፈችው፤ ያ ማለት ልክ ናት፤ ነጥቡም የእትዬ ሰናይት ነው። እጄ ላይ ይዣት የቆምኩባት ጊዜ አጭር ብትሆንም ለእኔ ከጨዋታው ሁሉ ረዘመች። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ያቺ በየሦስት ወሩ የምትታደስ ወረቀት ትዝ አለችኝ። ከዚያ ኳሷን በአቡጀዲ ቀሚሴ ጠረግኳት። ነጭ በነጭ ላይ አይታይም።

ሕዝቡ መጨፈር ጀመረ። እትዬ ሰናይት መረቡ ድረስ መጥታ ጨበጠችኝ፤ ጉንጬንም ሳመችኝ። ጓድ ሰብስቤ በማግስቱ በድምፅ ማጉያው ምን እንደሚል ጠፍቶበት ተንተባተበ፤ ለሁለት ዓመት የለመደው ልምድ ስለ መቅሰም ማንበብ ነበር። አባባ ግንቡን እንዳዩ፣ አሸነፈች ሲባሉ ለረጅም ጊዜ አማተቡ። ከወር በኋላ ቋሚ ሆንኩ። እዚያው ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼ በጡረታ ወጣሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ቤቴን ያቆምኩት በዚያ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ። አሥረኛነትን ከእትዬ ሰናይት ጋር እየተቀባበልን ቆይተን፣ የስፖርት በጀቱ ሲጠፋ ራኬቶቹ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ። የእኛ ወዳጅነት ግን አልቀረም፤ ልጆቿን ድሬያለሁ፣ ልጆቼን ድራለች። ስለ ያቺ ኳስ ግን አንድም ቀን አንስቼላት አላውቅም።

እሑድ የልጅ ልጄን ከተቆጣሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማክሰኞ ታክሲ ይዤ ሳንሱሲ ሄድኩ። እትዬ ሰናይት አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት በረንዳዋ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ትውላለች። ሰላምታውን ሳልጨርስ ነገርኳት፤ ልክ እንደነበረች፣ ኖራው እንደነበረባት፣ ማበሴን።

"አይቼሻለሁ" አለች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"አንቺ ትናገሪ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። ዝም ስትዪ፣ ይቺ ልጅ ከእኔ የበለጠ ቸግሯታል አልኩ።"

ስለ ዓርቧ ጠየቅኳት፤ እኔ ወስጄባት እንደሆነ አርባ ዓመት ስፈራ ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ነው መሳቅ የጀመረችው። አለቃዋ በመጨረሻ ደረጃ ባለችው መሸነፏን ሲሰማ፣ በዚህ ዓይነት መሥሪያ ቤቱን ታዋርጅዋለሽ፣ ልምምድ አንሶሻል ብሎ ረቡዕ ከሰዓትንም ጨመረላት። በረቡዕ ሰልፉ አጭር ስለነበረ ስኳሩን በሰዓቱ ወስዳ ቤቷ ገብታ ትተኛ ነበር። ያንን አስልተሽ ነው ወይ አልኳት። አላሰላሁም፣ ያኔማ ዓርቤም የሚቀር መስሎኝ ነበር አለችኝ።

ስመለስ ታክሲው አስኮ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ብዙ ቆመ። እኔም በመስኮቱ እያየሁ አሰብኩ። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ሲጨባበጡ ምን እንደሚሰጣጡ አላውቅም፤ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ሲጨባበጡ ግን እንዲህ ያለ ውለታም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ በእኔ ዝምታ ብቻ ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዝም ያልነው ሁለታችንም ነን።